ጠያቂ የሌለው ሰው ገንዘብ

ጋሽ ኃይለ መስቀል ሞተው የተገኙት ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የኖርድኤንድ ሰፈር የመጋቢት ብርድ ክፍሉን ሞልቶታል።

ነገሩን ነገር ያደረገው መስኮቱ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ልባቸው የደከመ ሰው ቢሞቱ ማን ይገረማል? ግን ሰውዬው ፍራንክፈርት አርባ ዓመት ሲኖሩ ከጀርመን ልማድ ሁሉ አንዱን ብቻ እምቢኝ ብለው ቀርተዋል፤ መስኮት ከፍቶ ቤት ማናፈስን። በሐምሌ ሙቀት እንኳ «ኧረ ነፋስ አታስመቱኝ!» እያሉ ሲጮኹ ፎቁ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ያገኘቻቸው ዮርዲ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በአረጋውያን መኖሪያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዛውንቶችን እየተንከባከበች ሙያውን ትማራለች። ፊታቸውን ልታስታጥብ ውሃ ይዛ ገባች፣ ብርዱ ፊቷን መታት፣ ሳፋውን ከእነውሃው ለቀቀችው።

ፖሊስ የጠራው የመኖሪያው ኃላፊ ሄር ብራንት ነው። የመጣችው ደግሞ የወንጀል ምርመራ ኮሚሳሯ ሳልማ ናት፤ ድሬዳዋ ተወልዳ ፍራንክፈርት ያደገች፣ አጠር ያለች፣ ብዙ የማታወራ ሴት። ስትገባ ማንንም አልጠየቀችም። ክፍሉ መሐል ቆማ ዞር ዞር ብላ አየች። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የማርያም ሥዕል። ሁለተኛ ወንበር የለም። እንግዳ ቢመጣ የት ሊቀመጥ ነው? አይ ብቸኝነት!

«ልብ ነው» አላት ሐኪሙ። «ብርዱ አይደለም የገደላቸው። መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ፤ መስኮቱ ተከፍቶ ስላደረ ሰውነታቸው ምንም አይነግረኝም። ከትናንት ከሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ በቃ።»

«ወዲያው ነው የሞቱት?»

«አይመስለኝም። ጥቂት ታግለዋል። ያን ጊዜ ደውለው ቢሆን ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ ነበር።»

ሳልማ ዓይኗን ወደ ራስጌው አነሳች። የነርስ መጥሪያው ደወል ሽቦው በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ካለው ማንጠልጠያ ተሰቅሏል። እሷ ራሷ በእግሯ ጣት ካልቆመች አትደርስበትም። የተኛ ሰው፣ ያውም ቀኝ እጁ ጀሶ ውስጥ ያለ ሰው፣ ከየት አምጥቶ ይደርስበታል?

ሄር ብራንት ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ወደዚህ ሥራ የመጣው ከሆቴል ነው፤ አሁንም እንግዳ የሚቀበል ይመስል ከረባቱን ይነካካል።

«ግልጽ ነው» አላት። «ልጅቷ ክፍሉን ልታናፍስ ከፍታ ረሳችው። በዚያ ላይ ሰውዬው ትናንት ያወጡት ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዩሮ የለም።»

«የምን ገንዘብ?»

«የኪስ ገንዘባቸው። ነዋሪዎቻችን በየወሩ ለጸጉር አስተካካይ፣ ለሳሙና፣ ለጣፋጭ የሚሆን ገንዘብ አላቸው። ራሳቸው መያዝ ለማይፈልጉት ቢሯችን በካዝና ያስቀምጥላቸዋል፤ ሲፈልጉ ፈርመው ይወስዳሉ። እሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነኩት አጠራቅመው፣ ትናንት በአንዴ አወጡት። ዛሬ የለም። እዚህ ፎቅ ላይ ትናንት ከሰዓት የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ማታ ሳይደርስ ውሏን አቋርጣለሁ።»

ዮርዲ ጀርመን የምትቀመጠው በዚያ የሥልጠና ውል ነው። ውሉ ሄደ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ ሄደ ማለት ነው። የሰው ሞትና የሌብነት ስም ተሸክማ ደግሞ ሌላ የሚቀጥራት አይገኝም። ይህን ሄር ብራንትም ያውቃል፣ ሳልማም ታውቃለች፤ ልጅቷ ደግሞ አንሶላ መደርደሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስታስበው ቆይታለች።

ሳልማ ገብታ በሩን ዘጋችው። ዮርዲ በጀርመንኛ ልትናገር ስትጀምር አቋረጠቻት።

«በአማርኛ አውሪኝ። አይዞሽ።»

ልጅቷ አማርኛ ስትሰማ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው እንባ ዝርግፍ አለ። ሳልማ አልቸኮለችም፤ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«መስኮቱን ከፍተሽ ነበር?»

«እኔ? ኧረ አባባ ይገድሉኛል!» አለችና ያለችው ሲገባት አፏን ያዘች።

«ሰው መስኮት የሚከፍተው ለምንድነው?»

«እንዴ፣ ለአየር ነዋ። ለሌላ ለምን ይከፈታል?»

«ማታ ገብተሽ አይተሻቸዋል?»

ዮርዲ አጠገቧ ያለውን አንሶላ ማጠፍ ጀመረች።

«ወረቀቱ ላይ አይቻለሁ ብለሽ ምልክት አድርገሻል።»

«አልገባሁም» አለች ድምፅዋ ጠፍቶ። «ጓደኛዬ ታማ ቀርታ ሃያ ስምንት ሰው ለብቻዬ ነበር የያዝኩት። አባባ በጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዴ ከበሉ በቃ ነው። ‹እስኪነጋ እንዳትመጪብኝ› ይሉኛል። መብራታቸው ጠፍቷል፤ ተኝተዋል ብዬ አለፍኩ። ብገባ ኖሮ... ብገባ ኖሮ...»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዴት ነበሩ?»

«ደስ ብሏቸው ነበር። እጃቸው ከተሰበረ ሁለተኛ ሳምንታቸው ስለሆነ ምስር ወጡን እኔው ነኝ ያጎረስኳቸው። ደወላቸውንም ትራሳቸው ሥር አድርጌላቸው ወጣሁ። እሱን ሳይዙ አይተኙም።»

«ገንዘቡን ሊያወጡ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ፈለጉት?»

«አልናገርም።»

«ዮርዲ፣ እዚህ ላይ ዝም ካልሽ ሌባ ነው የሚሉሽ።»

«ይበሉኝ! ለአባባ ቃል ገብቻለሁ። እስከ ፋሲካ ድረስ ለማንም አልናገርም ብያቸዋለሁ። ስለሞቱ ይቅር?»

ሳልማ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። ሞኝ ናት ወይ እውነተኛ፤ በሃያ ሦስት ዓመት ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

የገንዘቡ ቢሮ ምድር ቤት ነው። ካዝናውን የምትይዘው ፍራው ፎግል ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ትሑት፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የሰው ፎቶ የለም፤ አንዲት ቁልቋል ብቻ በትንሽ ማሰሮ ተቀምጣለች።

«ቢሮ ልዘጋ ስል መጡ» አለች። «ፈርመው ወሰዱ። ይኸው ደረሰኙ።»

ሳልማ ደረሰኙን አየችው። ትናንት የተጻፈ ነው። ከሥሩ ጥርት ያለ፣ ጅራቱ የተጠማዘዘ የአማርኛ ፊርማ አለበት። መልሳ ሰጠቻት።

«ክፍላቸው ሄደው ያውቃሉ?»

«እኔ የወረቀት ሰው ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ከረገጥኩ ዓመት ያልፈኛል።»

«ጠያቂ ነበራቸው?»

«የላቸውም» አለች ፍራው ፎግል ወዲያው። «ለገና አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። ከሳቸው ጎን ያሉት ሴትዮም የላቸውም። ጥግ ላይ ያሉት ባልና ሚስትም...» እዚህ ላይ ብዙ እንደተናገረች የታወቃት መሰለ፣ እስክሪብቶዋን አስተካከለች።

ሳልማ አመስግና ወጣች። ዓመት ሙሉ ፎቁን ሳይረግጥ ማን ጠያቂ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው በቃሉ የሚያውቅ ሰው ገጥሟት አያውቅም።

ረፋዱ ላይ አቶ አሰግድ መጣ። የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ነው፤ ጋሽ ኃይለ መስቀል በመሠረቱት የሰንበቴ ማኅበር ደግሞ ሰብሳቢ ነው። የደወለችለት ዮርዲ ናት። ሄር ብራንት ሲያየው ሳልማን ወደ ጥግ ሳብ አደረጋት።

«አየሽው? ጥቁር ልብስ ለብሷል! በስልክ የተነገረው ‹ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ይምጡ› ተብሎ ነው። ልጅቷ ስትደውል አጠገቧ ቆሜ ትርጉሙን ጠይቄያታለሁ። ታዲያ መሞታቸውን ማን ነገረው?»

ሳልማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፣ ሄር ብራንት። ‹ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና› የተባለ ሰው ጥቁሩን ለብሶ፣ ምነው ውሸት በሆነ እያለ ነው የሚመጣው። ይህ ሰው ምንም አልደበቀም።»

አሰግድ ግን ዓይኗን ለማየት ተቸግሯል። ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃቸው መቼ እንደሆነ ስትጠይቀው ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው።

«ለገና። ያው የዚህ አገር ኑሮ ታውቂዋለሽ፣ ሥራ፣ ልጆች...» አለና ተወው። «እሁድ ደውለውልኝ ነበር። ‹ለፋሲካ ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ ግድ የለም፣ እኔ አውቃለሁ› አሉኝ። ምን አስበው እንደሆነ እንጃ።»

ቴክኒሻኖቹ አሻራቸውን አንስተው፣ መስኮቱን ዘግተው ጨርሰው ነበር። ሬሳውን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ሳልማ አራቱንም አንድ በአንድ «ግቡና ተሰናበቷቸው» አለቻቸው። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

አሰግድ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ሄር ብራንት አልጋው እግር ሥር ቆሞ አንገቱን ደፋ፣ ሰዓቱን አየ፣ ወጣ። ዮርዲ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳበችላቸው፣ ጫፉንም ነፋስ እንዳይገባ ከጎናቸው ወሸቀችው። እስቲ አሁን ይህን ምን ይሉታል! ለሞተ ሰው!

ፍራው ፎግል መጨረሻ ገባች። ፊታቸውን ጥቂት አየች። ከዚያ አልጋውን ዞራ፣ ማንም ሳያዛት፣ የመስኮቱን እጀታ ጠምዝዛ ከፈተችው።

«ምነው?» አለች ሳልማ ከበሩ።

ሴትዮዋ እጇን ከእጀታው ላይ አነሳች። «አየሩ... አየሩ ከበደኝ።»

ሳልማ ኮሪደሩ ላይ ሄዳ ለሄር ብራንት አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበችለት፤ ፍራው ፎግል ቢሮ ከመግባቷ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር። ከዚያ ለቴክኒሻኑ ደወለች። ባልደረባዋንም ጠያቂ ወደሌላቸው ነዋሪዎች ላከችው።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ የፎቁ መመገቢያ ክፍል ባዶ ሆነ። አንዱን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፤ ዮርዲ ወደ ጫፍ፣ አሰግድ ከጎኗ፣ ሄር ብራንትና ፍራው ፎግል ከፊት ለፊታቸው። ሳልማ አልተቀመጠችም። የምትናገረው በጀርመንኛ ነው፤ ሁሉም ይስማ ብላ።

«ጋሽ ኃይለ መስቀልን የገደለ ሰው ጣቱን አላነሳባቸውም» ስትል ጀመረች። «ልባቸው ሲያማቸው ደወላቸውን ነጥቋቸው ቆመ። ሽቦውን ጠቀለለው፣ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለው። ዮርዲ፣ ሽቦው እንደዚያ ተጠቅልሎ የሚሰቀለው መቼ ነው?»

«አልጋው ባዶ ሲሆን» አለች ዮርዲ። «ሰው የሌለበት አልጋ ላይ።»

«እንግዲህ ነጣቂው ሽቦውን ወርውሮት መሄድ ይችል ነበር። እጁ ግን የለመደውን ሠራ። ይሄ አንድ። ሁለተኛው መስኮቱ ነው። ሁላችንም ‹ማን ረስቶ ተወው?› ነው ያልነው። ማንም አልረሳውም። ሆን ተብሎ ነው የተከፈተው፤ ከሞቱ በኋላ። ሄር ብራንት፣ ሰው ሲሞት መስኮት ለምን ይከፈታል?»

«ይከፈታል እንዴ?» አለ ሄር ብራንት።

«እርስዎ ከሆቴል ነው የመጡት፣ አያውቁትም። ዮርዲን ጠየቅኳት፣ ‹ለአየር ነዋ› አለችኝ፤ በእሷ ፈረቃ ሰው ሞቶ አያውቅም። አቶ አሰግድ ያደገበት አገር ሰው ሲሞት እንዲህ አይደረግም። እኔ የማውቀው እናቴ እዚህ ከተማ ሆስፒታል ስለሞተች ነው። አሮጊቷ ነርስ ቀስ ብላ መጥታ መስኮቱን ከፈተችው። ለምን ስላት ‹ነፍሷ መውጫ ታግኝ› አለችኝ። የዚህ አገር የድሮ ነርሶች ልማድ ነው። ዛሬ ጠዋት አራታችሁም ክፍሉ ገብታችኋል። መስኮቱን የከፈተ ግን አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ፍራው ፎግል ዞሩ። እሷ ጠረጴዛውን ታያለች።

«ፍራው ፎግል ወገቧን ታማ ወደ ቢሮ ከመዛወሯ በፊት እዚሁ ቤት ሃያ ዓመት ነርስ ነበረች» አለች ሳልማ። «ዓመት ሙሉ ይህን ፎቅ አልረገጥኩም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ጠዋት እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ከእጀታውና ከደወሉ ላይ የተነሳው አሻራ ግን፣ ቅድም እጀታው ላይ ከተዉት ጋር ሲነጻጸር፣ የእርስዎ ሆኖ ተገኝቷል።»

«ገንዘቡስ?» አለ ሄር ብራንት፤ ከረባቱን ለቆታል። «ፈርመዋል እኮ! ደረሰኙ አለ።»

«ቀኝ እጃቸው ጀሶ ውስጥ ያለ ሰው ትናንት ያን የመሰለ ፊርማ ፈረሙ? አልፈረሙም። እጃቸው ደህና በነበረ ጊዜ ‹እንዳይደክምዎት› ተብለው ባዶ ደረሰኞች በጅምላ ፈርመዋል። ባልደረባዬ ሌሎቹን ጠይቋል፤ ያስፈረመቻቸው ጠያቂ የሌላቸውን ብቻ ነው። የሁሉም ገንዘብ በወረቀት ወጥቷል፣ በእጃቸው ግን አልገባም። ልጅ ያለው፣ እህት ያለው ሰው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ የሚጠይቅ አለዋ! ጋሽ ኃይለ መስቀል ደግሞ ሳይታሰብ ሙሉውን ስጪኝ አሉ።»

ከዚያ ፍራው ፎግል ያችን የማትሰማ ድምፅዋን አወጣች።

«ዮርዲ ሌላ ሰው እያጠበች ነበር። ቢሮ እንደዘጋሁ በደረጃው ወጣሁ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ እመልሳለሁ ልላቸው ነው የሄድኩት። ‹ለአሰግድ እነግረዋለሁ› አሉኝ። ከዚያ ደረታቸውን ያዙ። ደወሉን ሲፈልጉ እኔ... ወስጄው ነበር። አጠገባቸው ቆየሁ። ብቻቸውን አልሞቱም።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አለ አሰግድ በአማርኛ።

«ገንዘቡ የት ገባ?» አለች ሳልማ።

«ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ የቁማር ማሽን ቤት አለ። ቅዳሜና እሁድ ቤት ከመቀመጥ እዚያ እሄዳለሁ። ሠራተኞቹ በስሜ ይጠሩኛል።» ቀና አለች። «አንድም ሰው ጠይቆ አያውቅም እኮ። በስንት ዓመት አንድ ሰው መጥቶ የእከሌ ገንዘብ የት ደረሰ አላለኝም።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት ሄዱ። ኮቷን አንዱ አለበሳት።

ሄር ብራንት ጉሮሮውን ጠረገ። «ዮርዲ፣ ውሉ... ውሉ እንዳለ ይቀጥላል።»

«ሳታይ አይቻለሁ ብለሽ ምልክት ማድረግሽን እጽፈዋለሁ» አለቻት ሳልማ በጀርመንኛ፣ እሱም እንዲሰማ። «አንቺ በሩን ስታልፊ እሳቸው ከሞቱ ቆይተው እንደነበረም እጽፋለሁ። ሃያ ስምንት ሰው ለአንድ ተማሪ ማን እንደሰጠም እጽፋለሁ።» ሄር ብራንት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ዮርዲ አሁንም አልተነሳችም። የዳነች ሰው አትመስልም፤ የምትሄድበት የጠፋት ትመስላለች። አሰግድ ወደ እሷ ዞረ።

«ጋሼ ያን ሁሉ ገንዘብ ምን ሊያደርጉት ፈለጉ?»

«ይቅርብዎት ጋሽ አሰግድ።»

«ለምን ይቅርብኝ? ንገሪኝ እንጂ!»

ዮርዲ ሳልማን አየቻት።

«ለትኬት ነው» አለች ልጅቷ። «ለገና ሲመጡ ‹የባቡር ትኬቱ ተወድዶብን ነው እንጂ ጋሼ፣ እየተመላለስን እንጠይቅዎት ነበር› ብለዋቸዋል። አባባ አመኑዎት። ‹ምስኪኖች፣ ልጅ እያሳደጉ ከየት ያምጡት› እያሉ ሲጨነቁ ከረሙ። ለሰንበቴው ሰው በሙሉ የመመላለሻ ትኬት ገዝተው ለፋሲካ ሊሰጧችሁ ነበር። ‹ከዚያ በኋላ ታያለሽ፣ በየእሁዱ ይመጣሉ› አሉኝ። እንዳያፍሩ ለማንም አትንገሪ አሉኝ።»

አሰግድ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ሳልማ አየ። የሆነ ነገር ሊያስተባብል እጁን አነሳ፣ መልሶ ጭኑ ላይ ጣለው። እንባው ወርዶ ጥቁሩን ኮት አረጠበው።

«የወር ትኬት አለኝ እኮ» አለ። «መሥሪያ ቤቱ ነው የሚከፍልልኝ። ከቤቴ እስከዚህ አራት ፌርማታ ነው።»